ግድቡ በአቅራቢያ፣ መብራቱ ደብዛዛ፦ የምሽቱን የኤሌክትሪክ ጭነት በተራ መጠቀም ለምን ያስፈልጋል?

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ገበሬው ከማሳው፣ ነጋዴው ከገበያው፣ ሠራተኛውም ከቢሮው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሸርቆሌ አንሥቶ እስከ ባምባሲ ባለው የአሶሳ ዞን፣ የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት ሁሉ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ የሚሆነው ተቀራራቢ ነው። መብራት ይበራል፤ ቴሌቪዥን ይከፈታል፤ ምጣድ ይጣዳል፤ ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ወፍጮ ቤቱም እህሉን ይዞ የተሰለፈውን ደንበኛ ለማስተናገድ ይጣደፋል። ብዙም ሳይቆይ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ምጣዱ አልግል ይላል፤ የወፍጮው ድምፅ እየከበደ ይሄዳል። አልፎ አልፎም መብራቱ ጨርሶ ይጠፋል።

ይህን ጊዜ ከብዙዎች አንደበት የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው። የአገሪቱ ትልቁ የኃይል ማመንጫ በክልላችን ውስጥ እያለ መብራታችን ስለ ምን ይደክማል? «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው የቆየ አባባል ለዚህ ቅሬታ የተነገረ ይመስላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይሻል። የመልሱ አንዱ ክፍል ኃይል አቅራቢውን ተቋም የሚመለከት ነው። ሌላው ክፍል ግን ከእያንዳንዱ ቤት፣ ሱቅና ወፍጮ ቤት የሚጀምር በመሆኑ፣ ነዋሪው ራሱ ዛሬውኑ ሊያስተካክለው የሚችለው ነው።

ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል?

የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ግንባታ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ሲጀምር፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

ይህ ኃይል ግን ከግድቡ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ቀበሌ አይገባም። በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ደዴሳና ወደ ሆለታ፣ በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ወደ በለስ ተጉዞ ከብሔራዊው የኃይል ቋት ጋር ይቀላቀላል። ከዚያም በማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ እየወረደ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት ይለወጣል። በመጨረሻ በመንደሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ተቀብሎ ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። እኛ በሶኬታችን የምናገኘው ይህንኑ ነው።

መስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወንዙ የቱንም ያህል ሞልቶ ቢፈስ፣ ወደ ማሳው የሚደርሰው ውኃ የመጨረሻዋ ቦይ የምትችለውን ያህል ብቻ ነው። ሁሉም ባለማሳ በአንድ ሰዓት ቦዩን ቢከፍት፣ ከላይ ያለው ጥቂት ያገኛል፤ ከታች ያለው ግን ጭቃ ብቻ ይቀረዋል። በኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ወንዙ ግድቡ ነው፤ የመጨረሻዋ ቦይ የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ከእርሱ የሚወጡት ሽቦዎች ናቸው። በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት መብራቱ ቀድሞ የሚደበዝዘውም ስለዚህ ነው።

ጭነት ማለት ምን ማለት ነው?

በኤሌክትሪክ አጠቃቀም ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። አንደኛው በአንድ ቅጽበት የምንስበው ኃይል ሲሆን፣ የሚለካው በዋት ወይም በኪሎ ዋት ነው። ሁለተኛው በጊዜ ብዛት የተጠቀምንበት ጠቅላላ መጠን ሲሆን፣ የሚለካው በኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪ የሚቆጥረው፣ ገንዘብም የምንከፍልበት ሁለተኛውን ነው። ትራንስፎርመሩን የሚያስጨንቀው ግን የመጀመሪያው ነው። ጭነት የምንለውም ይህንን ነው።

አንድ የእንጀራ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ዋት፣ ካውያ ከ1 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። በአንጻሩ ኤልኢዲ አምፖል 10 ዋት ገደማ፣ ማራገቢያ ከ50 እስከ 75 ዋት፣ የስልክ ቻርጀር ከ5 እስከ 10 ዋት ብቻ ይስባሉ። ስለዚህ አንድ ምጣድ ብቻውን ከ300 በላይ ኤልኢዲ አምፖሎች የሚስቡትን ያህል ይስባል ማለት ነው። መብራት እያጠፉ በጨለማ ከመቀመጥ ይልቅ የምጣዱን ሰዓት መለወጥ እጅግ የበለጠ ውጤት የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር አቅም ያለው ትራንስፎርመር በአማካይ 90 ኪሎ ዋት ያህል ይሸከማል እንበል። ከዚህ ትራንስፎርመር 120 ቤቶች ይጠቀማሉ። ቤቶቹ ለመብራት፣ ለቴሌቪዥን፣ ለማራገቢያና ለስልክ በአማካይ 100 ዋት ቢስቡ ድምሩ 12 ኪሎ ዋት ይሆናል። በዚያው ሰዓት 15 ምጣዶች ቢጣዱ፣ እያንዳንዳቸው 3.5 ኪሎ ዋት እየሳቡ 52.5 ኪሎ ዋት ይወስዳሉ። እያንዳንዳቸው 15 ኪሎ ዋት የሚስቡ ሁለት ወፍጮዎች 30 ኪሎ ዋት ይጨምራሉ። የምግብ ቤቶችና የሱቆች ማቀዝቀዣና ሌላ ዕቃ 10 ኪሎ ዋት ቢሆን ጠቅላላው 104.5 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ትራንስፎርመሩ ከሚችለው በላይ ነው።

አሁን ሁለቱ ወፍጮዎች ሥራቸውን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቢጨርሱ ጭነቱ ወደ 74.5 ኪሎ ዋት ይወርዳል። ከ15ቱ ምጣዶች 7ቱ ደግሞ ጋገራቸውን ወደ ረፋድ ቢያዛውሩ ወደ 50 ኪሎ ዋት ዝቅ ይላል። ማንም እንጀራ አልተከለከለም፤ ማንም ሳያስፈጭ አልቀረም። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። በውጭው ዓለም ባለሙያዎች ስለ ተለዋዋጭ የኃይል አጠቃቀም ሲናገሩ በመሠረቱ የሚያወሩት ስለዚሁ ነው፤ ሊቆይ የሚችለውን ሥራ ጭነት ወደማይበዛበት ሰዓት ማዛወር።

መብራቱ ሲደክም የሚጎዳው ማን ነው?

ጭነት ሲበዛ ቮልቴጅ ይወርዳል። 220 ቮልት መሆን የሚገባው 180 ቢሆን ጉዳቱ ቀላል ይመስል ይሆናል። ሆኖም የምጣድ ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር እኩል በእኩል አይቀንስም፤ ከዚያ በፈጠነ መጠን ይቀንሳል። በ180 ቮልት የሚሠራ ምጣድ የሚያገኘው ኃይል ከሙሉ አቅሙ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ለመጋል ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ከምጣዱም ይጣበቃል። ምጣዱ ቶሎ ሳይግል በቆየ ቁጥርም በጎኑና በሥሩ ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ይጨምራል። ምሽት ላይ በደካማ ኃይል የሚጋግር ሰው ለአንድ እንጀራ የሚያወጣው ኃይል ረፋድ ላይ ከሚጋግረው ይበልጣል። ሰዓት መለወጥ ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለራስም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሞተር ባላቸው ዕቃዎች ላይ ጉዳቱ ይከፋል። የወፍጮ፣ የውኃ ፓምፕና የማቀዝቀዣ ሞተር ቮልቴጅ ሲወርድበት የተጣለበትን ሥራ ለመወጣት ከመስመሩ የበለጠ ከረንት ይስባል። ይህም መጠምጠሚያውን ያግለዋል፤ ውሎ አድሮም ያቃጥለዋል። በተጨማሪም አንድ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ከረንት ሊስብ ይችላል። የወፍጮ ቤት ሞተር በተነሣ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚለው በዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው በትራንስፎርመሩ ላይ የሚደርሰው ነው። በውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት ከጭነቱ በላቀ ፍጥነት ያድጋል። ጭነቱ ከአቅሙ 20 በመቶ ቢበልጥ፣ በመጠምጠሚያው ሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት 44 በመቶ ይጨምራል። እንደ ሸርቆሌ ባለ ቆላማ አካባቢ ደግሞ ቀኑን በፀሐይ ሲግል የዋለው ትራንስፎርመር ገና ሳይቀዘቅዝ የምሽቱ ጭነት ይጫነዋል። ሙቀቱ ከልክ ባለፈ ቁጥር በሽቦዎቹ መካከል ያለው መከላከያ ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ዕድሜውም ያጥራል። አንድ ቀን ሲቃጠል ሰዎች «ትናንት ደህና ነበር» ይላሉ። ነገር ግን ትናንት ደህና አልነበረም፤ ለብዙ ምሽቶች ሲጎዳ ቆይቷል።

ትራንስፎርመር ከተቃጠለ በኋላ የሚከተለውን ሁሉም ያውቀዋል። ምትኩ እስኪመጣ ወፍጮው ይቆማል፤ እናቶች እህል ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ። ጤና ጣቢያው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት ያለበትን ክትባት የሚያድንበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ተማሪው በኩራዝ ያጠናል።

አገሪቱ በጭነት ላይ ያሳለፈችው ልምድ

ጭነትን በሰዓት ማከፋፈል ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ባለ ክር አምፖሎችን በኃይል ቆጣቢ አምፖሎች የመለወጥ ሰፊ ዘመቻ አካሂዶ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አምፖሎች ለደንበኞች ተሠራጭተዋል። ስሌቱ ግልጽ ነበር። 60 ዋት በሚስብ አምፖል ምትክ 11 ዋት የሚስብ ሲገባ 49 ዋት ይተርፋል። አንድ ሚሊዮን አምፖሎች በምሽት በአንድነት ሲበሩ ደግሞ የሚተርፈው 49 ሜጋ ዋት ነው። አምፖል የሚበራው በዋናነት ምሽት ላይ በመሆኑ፣ ቁጠባው የተገኘው ጭነት በሚበዛበት በዚያው ሰዓት ነበር።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በግልገል ጊቤ 3 ግድብ የውኃው መጠን በመቀነሱ የ476 ሜጋ ዋት እጥረት ማጋጠሙን በወቅቱ የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ስለሺ በቀለ አስታወቁ። መኖሪያ ቤቶችም ሆኑ ፋብሪካዎች ኃይል በፈረቃ እንዲያገኙ ተደረገ። ለሱዳን ይሸጥ የነበረው ኃይል ተቋረጠ፤ ለጅቡቲ የሚላከውም ተቀነሰ። ያ ፈረቃ ከላይ የመጣ ነበር። ነዋሪው የትኛው ሥራው ሊቆይ እንደሚችል ራሱ መርጦ ያዛወረው ሳይሆን፣ መስመሩ በሙሉ ስለሚቋረጥ አምፖሉም፣ ምጣዱም፣ የሕሙማን መርጃውም በአንድነት ይጠፉ ነበር።

በበዓላት ዋዜማ የሚሰማውን ማሳሰቢያም አብዛኛው ሰው ያስታውሰዋል። እንቁጣጣሽ፣ ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ የኤሌክትሪክ ተቋማት ብዙ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ጭነታቸውን እንዲቀንሱ፣ ነዋሪዎችም ጋገራና ሌላ ከባድ ሥራ በአንድ ሰዓት እንዳያደርጉ ይጠይቃሉ። ምክንያቱ አገሪቱ በዚያ ሳምንት ኃይል ማመንጨት ማቆሟ አይደለም፤ ሁሉም ቤት በአንድ ምሽት ስለሚጋግርና ስለሚያበስል ነው። በዋዜማው የሚጠየቀውን ጥንቃቄ በየዕለቱ ምሽት በመጠኑ ማድረግ ቢቻል ብዙ ችግር ይቀንሳል።

በአሶሳ ዞን ይህ ነገር በተለይ በረመዳን ወር ጎልቶ ይታያል። ለማፍጠሪያ የሚዘጋጀው ሾርባ፣ ሳምቡሳና ገንፎ ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ በሁሉም ቤት ይሠራል። መስጊዱ መብራትና ድምፅ ማጉያ ይከፍታል። የጁስ ቤቱ ማቀዝቀዣና መፍጫም በዚያው ሰዓት ይሠራል። ለአፍጥር የሚሆነውን ሾርባ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ቀቅሎ በደንብ ከድኖ ማቆየት፣ የሳምቡሳውን ሊጥና ሙሊት በቀን አዘጋጅቶ ለመጨረሻው ሰዓት ጥብሱን ብቻ መተው፣ እንጀራውንም በጠዋት መጋገር የምሽቱን ጫና በእጅጉ ያቀላል።

የሚቆየውንና የማይቆየውን መለየት

በቤትም ሆነ በተቋም ያለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ በሦስት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሊቆም የማይገባው ነው። የጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል መብራት፣ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የሕሙማን መርጃ መሣሪያ፣ የተማሪ መብራት፣ የመንገድና የጥበቃ መብራት በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። እነዚህ በአብዛኛው የሚስቡት ኃይል ጥቂት ነው። ሌላው ጭነት ሲዛወር የሚጠቀሙት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው ሰዓቱ ሊለወጥ የሚችል ነው። የእንጀራ ጋገራ፣ የልብስ ተኩስ፣ የእህል ማስፈጨት፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቶች መሰንጠቂያና መበየጃ፣ የውኃ ፓምፕ እዚህ ይመደባሉ። ሥራው ከተሠራ በኋላ ውጤቱ ይቆያል። የተጋገረ እንጀራ ይቆያል፤ የተፈጨ ዱቄት ይቆያል፤ በሮቶ የተሞላ ውኃም ይቆያል። ለውኃ ፓምፕ ከሮቶ የተሻለ ባትሪ የለም። ሮቶውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የሞላ ሆቴል ምሽቱን ፓምፑን ሳያስነሣ ደንበኞቹን ያስተናግዳል።

ሦስተኛው ለአጭር ጊዜ ቢቆም ጉዳት የማያስከትል ነው። የለስላሳና የውኃ ማቀዝቀዣ በቀን በደንብ ከቀዘቀዘና በሩ ቶሎ ቶሎ ካልተከፈተ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ቢጠፋ ቅዝቃዜውን አይለቅም። ሆኖም ይህ ሥጋን፣ ወተትን፣ በተለይም ክትባትንና መድኃኒትን አይመለከትም። በእነዚህ ላይ ሙከራ ማድረግ አይገባም።

ከዚህ ክፍፍል በመነሣት እያንዳንዱ ሊያደርገው የሚችለው ተግባር ይለያያል።

በመኖሪያ ቤት፦ ምጣዱን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አለመጣድ ዋናው ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይመረጣል። ምጣዱን ለማጋል የሚወጣው ኃይል ጥቂት ቢጋገርም ብዙ ቢጋገርም ያው ነውና። የግድ ማታ መጋገር ካለበትም ምድጃውንና ካውያውን ከምጣዱ ጋር በአንድነት አለመጠቀም ያስፈልጋል። የቀሩትን ባለ ክር አምፖሎች በኤልኢዲ መለወጥም የምሽቱን ጭነት በቀጥታ ይቀንሳል።

በወፍጮ ቤት፦ እህል የሚቀበሉበትን ሰዓት ከጠዋት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ማድረግ፣ የመጣውን እህል ተረክቦ በማግስቱ ረፋድ ፈጭቶ ማስረከብ ይቻላል። ሞተሩን እህል ሳይገባበት ማስነሣት፣ በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት ሞተሮችንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንዱ ከተረጋጋ በኋላ ሌላውን ማስነሣት መስመሩን ከድንጋጤ ያድነዋል። ስታር ዴልታ የሚባለው ማስነሻ ሞተሩ ሲነሣ የሚስበውን ከረንት ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርዳል። የደነዘ የወፍጮ ድንጋይ በወቅቱ መውቀርም ሌላው ዘዴ ነው። ድንጋዩ ሲደንዝ ያንኑ ኩንታል ለመፍጨት ብዙ ሰዓትና ብዙ ኃይል ይፈጃል።

በመንግሥት ቢሮና በትምህርት ቤት፦ ሠራተኛው ሲወጣ ማራገቢያ፣ ኮምፒውተርና የሻይ ማፍያ መጥፋታቸውን የሚያረጋግጥ ሰው መመደብ ይገባል። አዲስ ሲገነባም ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማድረግ፣ መስኮቶችን ፊት ለፊት አድርጎ ነፋስ እንዲያልፍ ማመቻቸትና በምዕራብ በኩል ጥላ የሚሰጥ ማንጎ መትከል ለዓመታት የማራገቢያን ጭነት ይቀንሳል። ማንጎ ለአሶሳ ዞን እንግዳ አይደለም፤ ጥላውም ፍሬውም ይፈለጋል።

በጤና ጣቢያ፦ ልብስ ማጠብን፣ ውኃ ማፍላትንና መሣሪያ መቀቀልን በተቻለ መጠን በቀን መጨረስ፣ የማዋለጃ ክፍሉንና የክትባት ማቀዝቀዣውን መስመር ከሌላው ጭነት ለይቶ በራሱ ብሬከር ማስጠበቅ ይመከራል። በሌላ ክፍል የተሰካ ምድጃ ብሬከር ቢጥል ክትባቱ አብሮ እንዳይጎዳ ነው።

ተራ የመያዝ ባህል

አንድ ቤት ብቻውን ሰዓት ቢለውጥ ለውጡ ብዙም አይሰማም። በአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ቤቶች ከተስማሙ ግን በዚያው ሳምንት ይታወቃል። ይህ ደግሞ ለሕዝባችን አዲስ ሥርዓት አይጠይቅም። የመስኖ ውኃ በተራ ይለቀቃል፤ ዕቁብ በተራ ይወጣል፤ ደቦም በተራ ይዞራል። የምጣድ ተራም እንዲሁ ሊደራጅ ይችላል። ለምሳሌ ከመንገዱ በላይ ያሉ ቤቶች ሰኞና ሐሙስ፣ ከመንገዱ በታች ያሉት ማክሰኞና ዓርብ እንዲጋግሩ፣ ወፍጮ ቤቶችም በምሽት እንዳይሠሩ በቀበሌ ስብሰባ መስማማት ይቻላል።

በዚህ ላይ ፍትሕ መጠበቅ አለበት። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር እናት ሥራዋን በምሽት የምትሠራው ወድዳ ሳይሆን ገዢዎቿ ጠዋት ስለሚመጡ ሊሆን ይችላል። ቀኑን በማሳ የሚውል ቤተሰብም ረፋድ ላይ የሚጋግር ሰው ላይኖረው ይችላል። ለእነዚህ ተራው በጣም በማለዳ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ሸክሙን በቅድሚያ መቀበል የሚገባው ሰዓቱን ለመለወጥ የሚቀለው፣ ብዙ ኃይልም የሚስበው ነው። ከአንድ ወፍጮ ቤት የሚገኘው እፎይታ በሺህ ከሚቆጠሩ አምፖሎች ይበልጣልና፣ ውይይቱ ከወፍጮ ቤቶችና ከምግብ ቤቶች ቢጀምር መልካም ነው።

በሌሎች አገሮች ይህ ተራ በመሣሪያ ይመራል። በፈረንሳይ የብዙ ቤቶች የውኃ ማሞቂያ በመስመሩ በሚላክ ምልክት አማካይነት ሌሊት ብቻ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ውኃውም ለቀኑ ሙቅ ሆኖ ይቆያል። የሌሊቱ ዋጋም ከቀኑ ስለሚቀንስ ነዋሪው በገንዘብ ይጠቀማል። በእኛ አገር የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚለየው በሰዓት ሳይሆን በወር በተጠቀሙት መጠን በመሆኑ፣ ሰዓት የለወጠ ቤተሰብ በቀጥታ የዋጋ ቅናሽ አያገኝም። የሚያገኘው ጥቅም የጋለ ምጣድ፣ ያልተቃጠለ ማቀዝቀዣና የማይጠፋ መብራት ነው።

የአቅራቢው ድርሻ

ተራ መያዝ ሁሉን አይፈታም። የደንበኛው ቁጥር ከትራንስፎርመሩ አቅም በላይ ካደገ፣ መፍትሔው ተጨማሪ ወይም ከፍ ያለ አቅም ያለው ትራንስፎርመር መትከል ነው። ይህም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ሊጣራ የሚገባው አንድ ቁም ነገር ግን አለ። ከትራንስፎርመሩ ሦስት ፌዞች ይወጣሉ። ብዙ ቤቶች በአንዱ ፌዝ ላይ ብቻ ተቀጥለው ከሆነ፣ ሌሎቹ ሁለቱ አቅም ተርፏቸው ሳለ አንዱ ይጨናነቃል። በአንድ ሰፈር የአንዱ ጎረቤት መብራት ደብዛዛ፣ የሌላው ደማቅ ከሆነ ይህ አንዱ ምልክት ነው። የተቋሙ ባለሙያዎች ደንበኞችን በሦስቱ ፌዞች እኩል ሲያከፋፍሉ ችግሩ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ሊቃለል ይችላል።

ስለዚህ ነዋሪው ሲያመለክት «መብራት አስቸገረን» ከማለት ይልቅ መረጃ ይዞ ቢሄድ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። መብራቱ የሚደክመው በየትኞቹ ሰዓቶች እንደሆነ፣ የትኞቹ ቤቶች እንደሚጠቁ፣ ትራንስፎርመሩ ያልተለመደ ድምፅ ያሰማ ወይም ዘይት ያፈሰ እንደሆነ ለአንድ ሳምንት መዝግቦ በአቅራቢያው ለሚገኘው የአገልግሎት ማዕከል ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል ማሳወቅ ይቻላል። ምሰሶ ላይ መውጣት፣ ሽቦ መንካት ወይም ቫልቮላን በተራ ሽቦ መተካት ግን ሕይወትን ያስከፍላል። ከቆጣሪ ውጭ የተቀጠለ መስመርም ከሕገ ወጥነቱ በላይ፣ ማንም ያላሰበውን ጭነት በትራንስፎርመሩ ላይ ይጨምራል።

መስመር ላልደረሰባቸው ቀበሌዎች

ዋናው መስመር ገና ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች በፀሐይ ኃይል የሚጠቀሙ ቤተሰቦችና ተቋማት አሉ። የሰዓት ነገር በእነርሱ ዘንድ የበለጠ ይጠነክራል። የፀሐይ ሰሌዳ ከፍተኛ ኃይል የሚሰጠው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስልክ ቻርጅ ማድረግ፣ ውኃ መሳብና ማቀዝቀዣን ማቀዝቀዝ በዚህ ሰዓት ከተከናወነ ኃይሉ በቀጥታ ከሰሌዳው ይመጣል፤ ባትሪው ለምሽት መብራት ይተርፋል። በባትሪ አልፎ የሚመጣ ኃይል በመንገድ ላይ ከፊሉ ይባክናል፤ ባትሪውም ከሥርዓቱ ሁሉ ቶሎ የሚያልቀውና በውድ የሚተካው ክፍል ነው። በደቡብ ኦሞ በኦሞራቴ እንደተሠራው ያለ የፀሐይ ሚኒ ግሪድ ወደ ሌሎች ቀበሌዎች ሲመጣም፣ ወፍጮውን በቀትር የማስነሣት ልማድ አስቀድሞ የያዘ ማኅበረሰብ የተሻለ ይጠቀማል።

በአንድ ሳምንት የሚሞከር

ይህን ሁሉ በቃል ከመቀበል ይልቅ መሞከር ይቻላል። አንድ ሰፈር ለአንድ ሳምንት ወፍጮውን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ይዝጋ፤ ምጣዱንም ከ12 እስከ 4 ሰዓት አይጣድ። በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት አምፖል ከቀደመው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ደምቆ እንደሆነ፣ መብራት የጠፋባቸው ምሽቶች ቀንሰው እንደሆነ ይመዝገብ። ከተሻሻለ ተራው ይቀጥል። ካልተሻሻለ ደግሞ ችግሩ ከነዋሪው አጠቃቀም ሳይሆን ከትራንስፎርመሩ አቅም ወይም ከመስመሩ መሆኑ ታውቋልና፣ ያ መዝገብ ለአገልግሎት ማዕከሉ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ሰፈሩ ከሳምንት በፊት ያልነበረውን ዕውቀት ያገኛል።